ምዕራፍ 7፦ ኢንተራፕት ላይ ሳለ የወደቀ ከርነል

ሊነክስ የተጫነበት ሰርቨር ክፉኛ ሲወድቅ ስክሪኑ በጽሑፍ ይሞላል። የሬጅስተር ስሞች፣ ረጃጅም ቁጥሮች፣ ፕሮሰሰሩ ሲያልፍባቸው የነበሩ ፋንክሽኖች ከላይ እስከ ታች ይደረደሩና መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ትወጣለች፦ «ከርነል ፓኒክ - ኖት ሲንኪንግ፦ ፌታል ኤክሴፕሽን ኢን ኢንተራፕት»። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ትንፍሽ አይልም። ኪቦርዱን ቢነኩት፣ በኔትወርክ ቢጠሩት መልስ የለም። ኪቦርዱ የድሮው ዓይነት ከሆነ መብራቶቹ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ይህን ያየ ባለሙያ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው። እኔ ግን ያቺን መስመር ረጋ ብሎ ማንበብ ይገባል እላለሁ፤ አንድ ውሳኔ የምትነግረን እሷ ናትና። ከርነሉ ሌላ ቦታ ላይ ያንኑ ስህተት ቢሠራ ኖሮ አንድ ፕሮግራም ገድሎ ሥራውን በቀጠለ ነበር። እዚህ ግን ማሽኑን በሙሉ አቆመው። ስህተቱ ያው ነው፤ የተለየው የተፈጠረበት ቦታ ነው።

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሜሞሪ የሚያከፋፍለው፣ ፕሮግራሞችን በየተራ ፕሮሰሰር ላይ የሚያወጣው፣ ከዲስክና ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ሃርድዌሩም በበኩሉ ከርነሉን የሚጠራበት መንገድ አለው። የኔትወርክ ካርድ መረጃ ሲደርሰው፣ ዲስክ የታዘዘውን አንብቦ ሲጨርስ፣ የሰዓት ቆጣሪው ጊዜ ሲሞላ ለፕሮሰሰሩ ምልክት ይላካል። ይህ ምልክት ኢንተራፕት ይባላል። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ባለበት ያቆማል፣ የት እንደደረሰ ይመዘግባል፣ ለዚያ ምልክት የተመደበችውን አጭር የከርነል ክፍል ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። እንጀራ እየጋገረች በር የተንኳኳባት ሴት ምጣዱን በአክንባሎ ከድና፣ ማን እንደመጣ አይታ ቶሎ እንደምትመለሰው ነው፤ በር ላይ ቆማ ወሬ ከጀመረች እንጀራው ያርራል። የሰዓት ቆጣሪው ብቻ፣ እንደ ከርነሉ አወቃቀር፣ በሰከንድ ከ100 እስከ 1,000 ጊዜ ያቋርጣል። የተቋረጠው ፕሮግራም ይህን ሁሉ አያውቅም። ሒሳብ እየደመረ የነበረ ፕሮግራም በመሃል መቶ ጊዜ ቢቋረጥ እንኳ ድምሩ አይዛነፍም።

በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ እነዚህ ጥሪዎች የሚስተናገዱት 256 መስመር ባለው ሠንጠረዥ ነው። የመጀመሪያዎቹ 32 መስመሮች ለፕሮሰሰሩ ለራሱ የተያዙ ናቸው፤ በዜሮ የማካፈል ሙከራ፣ የሌለ የሜሞሪ አድራሻ መንካትና የመሳሰሉት ስህተቶች የሚመጡት በእነሱ በኩል ነው። የቀሩት ለመሣሪያዎች ናቸው። ስህተትና ኢንተራፕት፣ እንግዲህ፣ ወደ ከርነሉ የሚገቡት በአንድ በር ነው።

ስህተቱን የሠራው ተራ ፕሮግራም ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ከርነሉ ይገድለዋል፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል። የተሳሳተው ከርነሉ ራሱ፣ ግን ለአንድ ፕሮግራም አገልግሎት እየሰጠ ሳለ ከሆነ፣ ሊነክስ «ኡፕስ» የሚባለውን መንገድ ይከተላል። ፕሮግራሙ «ፋይል ክፈትልኝ» ብሎ ነበር እንበል፤ ከርነሉ ፋይሉን ሲከፍት ባዶ አድራሻ ነካ። ያየውን ሁሉ ይመዘግባል፣ አገልግሎቱን የጠየቀውን ፕሮግራም ይገድላል፣ ሌሎቹን ይዞ ይቀጥላል። ይህ ግማሽ መፍትሔ ነው። በሟቹ ስም የተያዙ መቆለፊያዎች ሳይከፈቱ ይቀራሉ፤ ከርነሉ የሚይዛቸው ቆጠራዎችም ይዛባሉ። አጥቂ ሆን ብሎ ኡፕስ እየደጋገመ እነዚህን ቆጠራዎች ከልካቸው በላይ ሊገፋቸው እንደሚችል ስለታየ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሊነክስ 6.2 ገደብ አበጀ፦ ባለቤቱ ካልቀየረው በቀር 10,000 ኡፕስ ሲሞላ ከርነሉ ራሱን ያቆማል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስህተቱ ኢንተራፕት ውስጥ ሲሆንስ የሚገደለው ማን ነው? ኢንተራፕት የራሱ ፕሮግራም የለውም። ከርነሉ በዚያች ቅጽበት «አሁን ተራው የማን ነው?» ብሎ መዝገቡን ቢያይ የሚያገኘው የተቋረጠውን ፕሮግራም ስም ነው። ያ ሒሳብ ሲደምር የነበረ ፕሮግራም ደግሞ ስለ ኔትወርክ ካርዱ የሚያውቀው የለም። እሱን መግደል የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ ነው። ጥፋተኛው ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው የከርነል ክፍል፣ ሳይነካ ይቀራል፤ ቀጣዩ መረጃ ሲደርስም ያንኑ ጥፋት ይደግማል። ከነጭራሹ የሚገደል ፕሮግራም ላይኖርም ይችላል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ የሚያርፍበት፣ መለያ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ ሥራ አለ። ኢንተራፕቱ የመጣው በዚያ መሃል ከሆነ ሰለባው ይኸው ነው፤ እሱ ከሞተ ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሚመለስበት ቦታ ያጣል።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ኢንተራፕት የሚያስተናግደው የከርነል ክፍል መሃል ላይ ሲወድቅ በጅምር የቀሩ ነገሮች አሉ። መሣሪያው ጥሪው እንደተሰማለት ገና አልተነገረውም ይሆናል። በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ሌሎች ኢንተራፕቶች ታግደው ነበር። ከሁሉ የሚከፋው መቆለፊያው ነው። ኢንተራፕት ውስጥ የሚያገለግሉት መቆለፊያዎች ተጠባቂው ተኝቶ የሚጠብቃቸው ዓይነት አይደሉም፤ የፈለጋቸው ፕሮሰሰር እስኪከፈቱ ድረስ እየዞረ ይጠይቃል። የያዛቸው ከሞተ ጠያቂው ዘላለም ይዞራል። እንዲህ ያለ ማሽን «ተርፏል» ቢባል እንኳ መጀመሪያ ኔትወርኩ ይዘጋል፣ ቀጥሎ አንዱ ፕሮሰሰር ይደርቃል፣ ከዚያ ሌላው። በመሃሉ የዳታቤዝ መዝገብ ወደ ዲስክ እየተጻፈ ከሆነ ምን እንደተጻፈ እርግጠኛ የሚሆን የለም። ከቆመ ሰርቨር ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ፣ ቆሞ የሚሄድ የሚመስለው ነው።

ሊነክስ ስህተቱ ኢንተራፕት ውስጥ መሆኑን የሚለይበት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። አንድ ቆጣሪ ቁጥር አለ፤ ከቢቶቹ 4ቱ ለሃርድዌር ኢንተራፕት፣ 4ቱ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሊታገድ ለማይችለው ልዩ ኢንተራፕት ተመድበዋል፤ 8 ቢት ደግሞ ኢንተራፕቱን ተከትለው ለሚሠሩ ቀሪ ሥራዎች ነው። ኢንተራፕት ሲገባ ቁጥሩ ይጨመራል፣ ሲወጣ ይቀነሳል። ስህተት ሲፈጠር ከርነሉ እነዚህን ቢቶች ያያል። ዜሮ ካልሆኑ ክርክር የለም፤ ፓኒክ ነው። ፕሮግራም የሚገድለው የከርነል ክፍልም በበኩሉ ያንኑ ፈተሻ ይደግማል። በስህተት ኢንተራፕት ውስጥ ከተጠራ «አዪ፣ ኪሊንግ ኢንተራፕት ሃንድለር!» ብሎ ጮሆ ማሽኑን ያቆማል። ያ ጩኸት ዛሬም በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ አለ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ፕሮሰሰሩ ስህተት ሲያገኝ የት እንደነበረ የሚመዘግበው ስታክ በሚባለው የሜሞሪ ክፍል ላይ ነው። ይህ ቦታ በ64 ቢት ሊነክስ ላይ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ እስከ 2014 ድረስ ደግሞ 8 ነበር። የስህተቱ ምክንያት የስታኩ መሙላት ከሆነ መመዝገቢያው ራሱ የለም ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ አንደኛውን ስህተት ሊያስረክብ ሲል ሁለተኛ ይገጥመዋል፤ ይህ ድርብ ስህተት ቁጥር 8 ተሰጥቶታል። እሱንም ማስተናገድ ካቃተ ሦስተኛ ዕድል የለም። ማሽኑ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተነሥቶ እንደገና ይጀምራል፤ ምን እንደሆነም አይታወቅም። ለዚህ ሲባል የ64 ቢቱ ፕሮሰሰር እስከ 7 የሚደርሱ መጠባበቂያ ስታኮች እንዲዘጋጁለት ይፈቅዳል፤ ሊነክስም ለድርብ ስህተትና ለማይታገደው ኢንተራፕት የየራሳቸውን ስታክ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ማንም ሌላ ሥራ አይነካቸውም። «አስቀድሞ ማዘጋጀት» የሚለውን አንባቢ ይያዝልኝ፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር እሱ ነው።

በችግር ጊዜ ማቆም ግን ሁልጊዜ እንደ ጥበብ አልታየም። በ1960ዎቹ የተጀመረው መልቲክስ የተባለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከስህተት ለማገገም ብዙ ይደክም ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ቶም ቫን ቭሌክ እንደጻፈው፣ ከሚጽፈው ኮድ ግማሽ ያህሉ ለስህተት ማገገሚያ እንደሆነ ከዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፈጣሪዎች አንዱ ለሆነው ለዴኒስ ሪቺ አንድ ጊዜ አጫውቶታል። ሪቺ በመልሱ እነሱ በዩኒክስ ያን ሁሉ እንደተዉት፣ ስህተት ሲመጣ ፓኒክ የሚባል ፋንክሽን ማሽኑን እንደሚያቆመው፣ ያኔ በኮሪደሩ ላይ ጮኾ «አስነሱት» ማለት ብቻ እንደሚቀር ነገረው። ስንፍና ይመስላል። ስለ ኢንተራፕት ከሆነ ግን ሪቺ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የሊነክስ ጸሐፊዎች እዚህ እምነት ላይ የደረሱት ቀስ በቀስ ነው። በ2.4 ቅጂዎች ዘመን ፓኒክ ከማቆሙ በፊት በሜሞሪ የቀረውን ያልተጻፈ መረጃ ወደ ዲስክ ለማስፈር ይሞክር ነበር። ሁለት ሁኔታዎች ብቻ ተለይተው ነበር፦ ስህተቱ ኢንተራፕት ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በዚያ ቁጥሩ ዜሮ በሆነው ሥራ ላይ ከሆነ አይሞክርም፤ «አላሰፈርኩም» ብሎ ጽፎ ይቆማል። ምክንያቱም ወደ ዲስክ መጻፍ መጠበቅን ይጠይቃል፤ ዲስኩ መጨረሱን የሚነግረው በኢንተራፕት ነው፤ ኢንተራፕት ውስጥ ሆኖ ደግሞ መጠበቅ አይቻልም። በ2.6 ዘመን ሙከራው ጭራሽ ተወገደ። የተበላሸ ሜሞሪ ይዞ ወደ ዲስክ መጻፍ ደህናውን ፋይል ማበላሸት ነውና፣ የኢንተራፕት ደንብ የሁሉም ደንብ ሆነ። በስክሪኑ ላይ የምናያት «ኖት ሲንኪንግ» የዚያ ለውጥ ቅሪት ናት።

ፓኒክ ራሱም ከተበላሸው ከርነል ውስጥ ነው የሚሠራው። በአሟሟት መንገዱ ላይ እንደገና እንዳይደናቀፍ እያንዳንዱ እርምጃ ተመዝኗል። አንድ ሁኔታ በቅርበት እንይ። አራት ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር አለ። 2ኛው መልእክት ወደ ሲሪያል መስመር እየጻፈ ነው፤ የመስመሩን መቆለፊያ ይዟል። በዚያው ቅጽበት 1ኛው ኢንተራፕት ውስጥ ይወድቅና ፓኒክ ይጀምራል። መጀመሪያ ስሙን ያስመዘግባል፤ ሌላ ፕሮሰሰር በተመሳሳይ ጊዜ ፓኒክ ቢጀምር የቀደመው ብቻ ይቀጥላል፣ ሌላው ባለበት ይቆማል። ከዚያ የቀሩትን «ቁሙ» ይላቸዋል። አንዳንዱ ኢንተራፕት አግዶ እየሠራ ስለሚሆን ተራ ጥሪ አይሰማም፤ ለእሱ ሊታገድ የማይችለው ኢንተራፕት ይላካል። 2ኛው እንግዲህ መቆለፊያውን እንደያዘ ቆመ። አሁን 1ኛው የመጨረሻ ቃሉን ወደዚያው ሲሪያል መስመር መጻፍ ይፈልጋል። መቆለፊያውን ልጠብቅ ቢል የሚከፍትለት የለም፤ ያቆመው ራሱ ነው።

መፍትሔው አንዲት ምልክት ናት። ከርነሉ «እየሞትኩ ነው» የሚል ምልክት ያነሣል፤ ይህን ያየ የሲሪያል ድራይቨር መቆለፊያውን አንድ ጊዜ ሞክሮ ካልተከፈተለት ሳይጠብቅ ይጽፋል። ሁለት መልእክት ተደባልቆ ጽሑፉ ሊበላሽ ይችላል። ይሁን፤ የተንሻፈፈ ኑዛዜ ከዝምታ ይሻላል። መልእክቶቹ የሚጠራቀሙበት ቋት ለረጅም ጊዜ በመቆለፊያ ይጠበቅ ነበር። ጆን ኦግነስ የጻፈው፣ መቆለፊያ የማያስፈልገው አዲስ ቋት በታኅሣሥ 2020 በወጣው 5.10 ቅጂ ገባ፤ ከየትኛውም ቦታ፣ ሊታገድ ከማይችለው ኢንተራፕት ውስጥም ቢሆን፣ ሊጻፍበት ይችላል። ጽሑፍ ማተምን የሚያህል ተራ ነገር ይህን ያህል መክበዱን ለማየት አንድ ነገር ልጨምር፦ ሃያ ዓመት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጭ የቆየው የሪል ታይም ሊነክስ ሥራ በ2024 ሲገባ መጨረሻ ላይ አስቸግሮ የነበረው ይኸው የመልእክት ማተሚያ ነው። በዚያው ዓመት በ6.10 ቅጂ ግራፊክስ ባለው ስክሪን ላይ የፓኒክ መልእክት የሚታይበት መንገድ ተሠራ፤ በ6.12 ደግሞ መልእክቱን በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪውአር ኮድ አድርጎ ማሳየት ተቻለ።

መልእክት ግን በቂ አይደለም። ጥፋተኛውን ድራይቨር ለማግኘት በወደቀበት ሰዓት ሜሞሪው ውስጥ የነበረውን ሁሉ ማየት ያስፈልጋል። የሚሞተው ከርነል ሜሞሪውን ወደ ዲስክ ይጻፈው እንዳንል፣ የዲስኩ ድራይቨር ኢንተራፕት ይፈልጋል፣ መቆለፊያ ይፈልጋል፣ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ሦስቱም አይታመኑም። ኬዳምፕ የተባለው ዘዴ፣ ከ2005ቱ ሊነክስ 2.6.13 ጀምሮ መሠረቱ ከርነሉ ውስጥ ያለው፣ ሌላ መንገድ መረጠ። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሲነሣ ከሜሞሪው ጥቂት ተቆርሶ ለብቻ ይቀመጣል። እዚያ ውስጥ ሁለተኛ፣ ትንሽ ከርነል ተጭኖ ይጠብቃል። ዋናው ሲወድቅ ሌሎቹን ፕሮሰሰሮች አቁሞ በቀጥታ ወደዚያ ይዘላል። ሁለተኛው ከርነል ከባዶ ይነሣል፤ የሟቹን መቆለፊያም ሆነ ቆጠራ አይነካም። የሟቹን ሜሞሪ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ያነበዋል፣ ወደ ዲስክ ወይም በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ማሽኑን እንደገና ያስነሣል።

ይህም ያለ ሥጋት አይደለም። መሣሪያዎቹ ጌታቸው እንደሞተ አያውቁም። የኔትወርክ ካርዱ በቀድሞው ትእዛዝ መሠረት መረጃ በቀጥታ ሜሞሪ ላይ መጻፉን ይቀጥላል። የተቆረሰው ሜሞሪ ለዚህ ዓይነት ጽሕፈት ተሰጥቶ ስለማያውቅ ግን ጉዳቱ አዲሱን ከርነል አይደርስበትም። ሌላው ደግሞ የቆዩ ኢንተራፕቶች ናቸው። አዲሱ ከርነል ገና ድራይቨሩን ያልጫነለት መሣሪያ ያለማቋረጥ ሊጣራ ይችላል። ሊነክስ ከ100,000 ጥሪዎች ከ99,900 በላዩን የሚቀበል ካጣ ያን መስመር ይዘጋዋል፤ ያለዚያ ፕሮሰሰሩ በር እየከፈተ ብቻ ይውላል።

ዊንዶውስም ወደዚሁ ሐሳብ በራሱ መንገድ ደርሷል። የዲስክ ድራይቨሩን ተጨማሪ ቅጂ ማሽኑ ሲነሣ ለክፉ ቀን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ ሜሞሪውን በዚያ ቅጂ ወደ ፔጅ ፋይል ይጽፈዋል፣ በሚቀጥለው መነሣት ከዚያ ያወጣዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ድራይቨር አይአርኪውኤል ኖት ለስ ኦር ኢኳል» የሚለው ማስታወቂያም የዚህ ምዕራፍ ታሪክ ነው። ድራይቨር ከፍ ባለ የኢንተራፕት ደረጃ ላይ ሆኖ ወደ ዲስክ የተዛወረ ወይም ጭራሽ የሌለ ሜሞሪ ነካ፤ ዲስኩን መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ ቆመ።

ማቆም ዋጋ አለው። ሐምሌ 19 ቀን 2024 የክራውድስትራይክ የደህንነት ሶፍትዌር የተበላሸ ማሻሻያ ለዊንዶውስ ማሽኖች ሲላክ ከርነል ውስጥ የሚሠራው ድራይቨር ከተፈቀደለት ሜሞሪ ውጭ አነበበ። ማይክሮሶፍት በገመተው መሠረት 8.5 ሚሊዮን ማሽኖች ተጎዱ፤ ድራይቨሩ ገና ከመነሻው የሚጫን በመሆኑ ብዙዎቹ ሲነሡ ይወድቁ፣ ሲወድቁ ይነሡ ነበር። የሊነክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነል ጸሐፊዎች በትንሽ በትልቁ ማሽን የሚያቆም ፈተሻ እንዳያስገቡ ደጋግሞ የሚቆጣውም ማቆም ዋጋ ስላለው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ጽፎ መቀጠል ከተቻለ ይቀጠል ይላል። ለፕሮግራም አገልግሎት በሚሰጥበት ክፍል ይህ ክርክር ሁለት ፊት አለው፦ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ለያዘ ላፕቶፕ መቀጠሉ፣ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ሰርቨር በመጀመሪያው ኡፕስ መቆሙ ይሻላል። ኢንተራፕት ውስጥ ግን ሁለት ፊት የለውም። የሚገደል ጥፋተኛ በሌለበት መቀጠል በሌላ ሰው መረጃ ቁማር መጫወት ነው።

በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ የሊነክስ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ ሦስት ነገር አድርጉ። ሜሞሪው ለኬዳምፕ መቆረሱን አረጋግጡ። ከፓኒክ በኋላ ማሽኑ ከስንት ሰከንድ በኋላ ራሱ እንዲነሣ ወስኑ፤ ካልተነገረው ዝም ብሎ ይቆማል፣ ሩቅ ከተማ ያለ ሰርቨር ደግሞ ሰው መኪና ይዞ እስኪደርስለት ጨለማ ይውጠዋል። ከዚያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ዳታ ሳይኖርበት፣ ከርነሉን ሆን ብሎ የሚጥለውን ትእዛዝ ስጡትና ጣሉት። ተነሥቶ ሲመለስ የሜሞሪው ግልባጭ በቦታው መኖሩን እዩ፣ ከፍታችሁም አንብቡት። ያን ፋይል በዓይናችሁ ሳታዩ ሰርቨሩን ለሥራ አትልቀቁት።